አሰላ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ስናድር

አጎቴ የደወሉልኝ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ስብሰባ ላይ እያለሁ ነው። ሁለት ጊዜ ዘጋሁባቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉ ደንግጬ ወጣሁ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ፣ «ያንቺ ሥራ ማሻሻጥ አይደል? እንግዲያው ነይና ይህን ጠመንጃ አሻሽጪልኝ» አሉኝ።

የትኛውን ጠመንጃ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አሰላ፣ በእናቴ አባት ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከአያቴ ፎቶግራፍ በላይ በሁለት ትልልቅ ሚስማሮች ላይ የተጋደመ አንድ አሮጌ ስናድር አለ። ልጆች ሆነን ክረምቱን እዚያ ስናሳልፍ ቤቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ይነካል፤ እሱ ብቻ አይነካም። አያቴ በዓመት አንድ ቀን፣ የካቲት 23፣ ያወርዱትና በዘይት በራሰ ጨርቅ ይወለውሉታል። «የዓድዋ ጠመንጃ» ነበር የምንለው። የአያቴ አያት ይዘውት ዘምተው፣ ይዘውት ተመልሰዋል። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ለዓድዋ በዓል ተማሪው ፊት ቆሜ ይህንኑ ተናግሬ ተጨብጭቦልኛል።

አያቴ ካረፉ ቆዩ። ቤቱን አሁን የሚጠብቁት ጡረታ የወጡት አጎቴ ናቸው። ቆርቆሮው ዝጎ ዝናብ ያስገባል፤ ጣሪያው በሙሉ መቀየር አለበት። አንድ የጥንት ዕቃ ገዢ በሰው በሰው ሰምቶ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ጠመንጃውን አይቶታል። 150 ሺህ ብር እሰጣለሁ ብሏል። ቤተሰቡ «ዓድዋ የዘመተ ነው» ብሎ በጽሑፍ ከፈረመለት ደግሞ እጥፉን። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ፒያሳ ላይ ከተከፈተ ወዲህ ፈላጊው በዝቷል ብሏቸዋል። አጎቴ ከእኔ የፈለጉት ያን ወረቀት አሳምሬ እንድጽፍላቸው ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ወደ ስብሰባው ስመለስ ዓረፍተ ነገሮቹን በሐሳቤ መደርደር ጀምሬ ነበር። እንጀራዬ ነው። ዕቃ ብቻውን ዕቃ ነው፤ ታሪክ ሲታከልበት ዋጋው ሌላ ይሆናል። ይህን ለመማር አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጫለሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱን ልጆች ጭነን ወጣን። ኅዳር ነው። ባለቤቴ የኢተያ ልጅ፣ የአርሲ ኦሮሞ ነው። ኢተያ ከአሰላ ትንሽ ቀደም ብላ መንገዱ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች አሰላ መሄድ ለእኛ ሁልጊዜ ሁለት ቤት መጠየቅ ነው፤ ቅዳሜ የኔን ዘመዶች፣ እሑድ የእሱን።

መንገዱን ለማታውቁት፣ አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እስከ አዳማ በፈጣን መንገዱ ልጆቹ ይተኛሉ። ከአዳማ ወደ ደቡብ ስትታጠፉ መጀመሪያ ሙቀቱ ነው፤ አዋሽ መልካሳ ላይ መስኮት ይከፈታል፣ ጃኬት ይወልቃል። ከዴራ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይያያዘዋል፤ ግራሩ እየሳሳ ስንዴው ይተካል። በኅዳር ይህ ማለት ዓይን እስኪደክም ወርቃማ ማሳ ማለት ነው። ከፊታችሁ ኮምባይነር እያዘገመ መንገዱን ሞልቶት ብታገኙ አትናደዱ፤ የምትበሉትን ዳቦ ሊያጭድ እየሄደ ነው። ቁሉምሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ለአገሪቱ የስንዴ ዝርያዎች ሲያወጣ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትም፣ ሽማግሌዎቹ «ካዱ» የሚሉት፣ እዚሁ አካባቢ ነው የሠራው። ከዚያ ከ4000 ሜትር በላይ የሆነው ጭላሎ ራሱ በግራ በኩል ብቅ ይላል። አየሩ ጥርት ካለላችሁ ከከፍታው ላይ ወደ ቀኝ ስታዩ የዝዋይ ሐይቅ ታች ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያብለጨልጫል። የወለቀው ጃኬት ተመልሶ ይለበሳል።

ስምንት ዓመት የሆነው ልጄ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እየሮጠ ትምህርት ቤት ይመላለስ የነበረው በዚህ አካባቢ መሆኑን ከሰማ ወዲህ፣ አሰላ ስንደርስ ደብተር እንደያዘ ሰው ግራ ክንዱን አጥፎ ካልሮጠ አይሆንለትም። እንደዚያው ሆኖ እየሮጠ አያቴ ግቢ ገባ።

ቡናው ከተፈላ በኋላ አጎቴ ወንበር ላይ ወጥተው ስናድሩን አወረዱት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዝኩት። አራት ኪሎ ይሆናል፤ ከልጄ ይረዝማል። ጠመንጃ ያለ ፈቃድ ቤት ማስቀመጥም ሆነ መሸጥ መግዛት እንደማይቻል ታውቃላችሁ፤ በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ጥብቅ ነው። አጎቴ የፈቃድ ወረቀታቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው ከቁም ሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። ጥይት የለውም። እኔ እስከማስታውሰው ኖሮትም አያውቅም።

በስልኬ መብራት ጎኑን አየሁት። ከምላጩ በላይ ባለው ብረት ላይ ዘውድ አለ፤ አጠገቡ ዓመተ ምሕረት፦ 1861። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው። ከበርሜሉ ኋላ ደግሞ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ቀኝ የሚከፈት ወፍራም ብረት አለ። ልጄ ከፍቶ ዘግቶ፣ ከፍቶ ዘግቶ አልጠግብ አለ። ጨዋታው ሁሉ ያለው ያቺ ክዳን ላይ እንደሆነ ያወቅኩት ያን ሳምንት ማታ ማታ ስለ ስናድር ሳነብ ቆይቼ ስለነበር ነው።

ይህ ጠመንጃ ሲወለድ ስናድር አልነበረም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1853 ያወጡት፣ ኤንፊልድ የሚባል፣ በአፍ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። ተኳሹ ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈሳል፣ እርሳሱን ይከታል፣ በዘንግ ይጠቀጥቃል፣ ከዚያ ይተኩሳል። ጎበዝ የተባለው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ነው። በኋላ ከኋላ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች አውሮፓ ውስጥ ጦርነት ማሸነፍ ሲጀምሩ እንግሊዝ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አሮጌ መሣሪያ ታቅፋ ቀረች። ጥሎ አዲስ መሥራት ውድ ነው። ያዕቆብ ስናይደር የሚባል የፊላደልፊያ ሰው መላ አመጣ፦ የበርሜሉን ቂጥ ቆርጦ ባለ ማጠፊያ ክዳን መግጠም። እ.ኤ.አ. በ1866 ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ፤ አሮጌው ጠመንጃ በደቂቃ አሥር ጊዜ ያህል የሚተኩስ ሆነ። ሰውየው ግን ገንዘቡን እየጠበቀ፣ ዕዳ ውስጥ እንዳለ፣ በዚያው ዓመት ሞተ። ስሙ በእኛ አፍ «ስናድር» ሆኖ ቀረ፤ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ «ውጅግራ» እንደሆነው።

የተለወጠው ጠመንጃ በጦር ሜዳ የተሞከረው ደግሞ እኛው አገር ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ ሥር፣ እሮጌ ሜዳ ላይ የናፒየር ወታደሮች ስናድር ይዘው ከዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ጋር ተጋጠሙ። ከኢትዮጵያውያኑ 700 ያህል ሲሞቱ ከእንግሊዞቹ የቆሰሉት 20 ብቻ ነበሩ። ሦስት ቀን ቆይቶ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል።

አሮጌ ጠመንጃ መለወጥ ያኔ የዓለም ሁሉ ዘዴ ነበር። በእነዚያው ዓመታት ከእንግሊዝ ነፃ ለመውጣት የሚታገሉ፣ ፌንያን የሚባሉ አየርላንዳውያን አሜሪካ ውስጥ ከእርስ በርስ ጦርነቱ የተረፈ ጠመንጃ ገዝተው፣ ኒው ጀርዚ ትሬንተን ላይ በሺዎች የሚቆጠረውን እንዲሁ በጎን የሚከፈት ክዳን አስገጥመውለታል። እ.ኤ.አ. በ1870 ይዘውት ወደ ካናዳ ተሻገሩ፤ እንግሊዝን እዚያ እንመታለን ብለው። በአጭር ቀን ተበተኑ። ዛሬ እነዚያ ጠመንጃዎች የሰብሳቢዎች ምኞት ናቸው። የእነሱን ገበያ ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ፤ ሰብሳቢው ለወሬ አይከፍልም። ክዳኑን ያያል፣ ማኅተሙን ያያል፣ ወረቀቱን ይጠይቃል። የሚከፍለው ብረቱ ራሱ ለሚመሰክረው ነው።

እኔም የሙያ ነገር ሆኖብኝ አጎቴን ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ዓድዋ መዝመቱን የሚያሳይ ምን አለን? ደብዳቤ? የማዕረግ ወረቀት? በሰደፉ ላይ የተቀረጸ ነገር?»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። ተነሥተው ከጓዳ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ውስጡ የአያቴ ወረቀቶች ናቸው፦ የድሮ የመሬት ግብር ደረሰኞች፣ አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የ1967ቱ አዋጅ መሬቱን ሲወስድ የተሰጠ ምዝገባ። አንዱን አሮጌ ወረቀት አወጡና ሳይሰጡኝ በእጃቸው ይዘው ቆዩ።

«ዓድዋ አልሄዱም» አሉ። «መሬቱን ያገኙት ከዓድዋ በፊት ነው። ከራስ ዳርጌ ጋር ነው የመጡት። አባቴ ሊያርፍ ሲል ነው የነገረኝ።»

ባለቤቴ አጠገቤ ነበር። ልጄ አሁንም ክዳኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ራስ ዳርጌ የንጉሥ ምኒልክ አጎት ናቸው። በ1870ዎቹ የሸዋ ጦር አርሲን ለመያዝ ለዓመታት ደጋግሞ ዘምቷል። አርሲዎች በቀላሉ አልተያዙም፤ በእነ ሌንጂሶ ዲጋ እየተመሩ በፈረስ፣ በጦርና በጋሻ ተዋግተዋል። ሚዛኑን የሰበረው ጠመንጃው ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 አዙሌ ላይ በተደረገው ጦርነት አርሲዎች ክፉኛ አለቁ፤ አኖሌ ላይ የተፈጸመው እጅና ጡት የመቁረጥ ቅጣት ደግሞ እስከ ዛሬ ይነገራል። ከድሉ በኋላ ለባለ ጠመንጃው መሬት፣ ለመሬቱም ገባር ተሰጠው። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ዛሬ ስድብም ፉከራም ሆኗል እንጂ ያኔ ነፍጥ የያዘ ማለት ነበር። እኛ ቤት ቃሉ ተነሥቶ አያውቅም። የምናወራው ስለ ዓድዋ ነበር።

ጠመንጃው ወደ ሸዋ ይገባ የነበረው በባሕር ዳርቻ ነጋዴዎች እጅ ነው። አውሮፓ መሣሪያዋን ቶሎ ቶሎ ትለውጣለች፣ የጣለችው ወደ ታጁራና ዘይላ ይጫናል። ከነጋዴዎቹ አንዱ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ አውሮፓ ውስጥ በሰባትና በስምንት ፍራንክ የሚገኘው ውራጅ ጠመንጃ ለሸዋ ንጉሥ በአርባ ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ ነግሯቸዋል። አምስት እጥፍ። በእኔ ሙያ ይህን ትርፍ ሳይ አድናቆት ይዳዳኝ ነበር። አጎቴ ሳሎን ተቀምጬ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ፦ እዚያ ደብዳቤ ላይ በፍራንክ የተቆጠረው ዕቃ እዚህ ማን ላይ እንደተተኮሰ። (ንጉሡ በዋጋ ተከራክረው ራምቦን አክስረውታል ይባላል፤ ያም ቢሆን አርሲን የሚያጽናና ነገር የለውም።)

ማታ ሆቴላችን ገብተን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለቤቴን «ምን ተሰማህ?» አልኩት። ብርድ ልብሱን እየጎተተ «የአሰላ ስናድር ሁሉ ዓድዋ እንዳልዘመተ ድሮም አውቃለሁ» አለኝ። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አሥር ዓመት በትዳር ስንኖር ስንት ጊዜ እዚያ ሳሎን ተቀምጦ የዓድዋን ታሪክ እንዳዳመጠ መቁጠር ጀመርኩ። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «አያትሽ ቡና እየጋበዙኝ ምን ልበል?» አለ። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የአሰላ ብርድም አግዞኛል። ኅዳር ላይ የምትሄዱ ከሆነ ሆቴሉን ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቁ።

እሑድ ወደ ኢተያ ስንመለስ አኖሌ ሐውልት ጋ እንድናልፍ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሐውልቱ ሂጦሳ ወረዳ ውስጥ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን የተቆረጠ እጅ ጡት ይዞ የሚያሳይ ነው። ብዙ ክርክር ተነሥቶበታል፤ እኔም ከሩቅ ሆኜ የተከራከርኩበት ጊዜ አለ። ቅርቡ ቆሜ አይቼው ግን አላውቅም ነበር። ልጄ «ምንድን ነው?» ሲለኝ «ከረጅም ጊዜ በፊት እዚህ ሰዎች ክፉኛ ተጎድተው ነበር» አልኩት። «በምን?» አለኝ። ባለቤቴ ቀድሞኝ «ትናንት በያዝከው ዓይነት» አለው። ልጁ ዝም አለ። መኪና ውስጥ ብዙ አላወራም።

የባለቤቴ አያት፣ ልጆቼ «አኮ» የሚሏቸው፣ ዘጠናን አልፈዋል። ቤታቸው ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ጩኮ ነው፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ። ለልጆች መክሰስ ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ለመንገድ ቢያዝም ለቀናት አይበላሽም። ከበሩ ኋላ የአባታቸው ጦር ቆሟል፤ እንጨቱ ተቀይሮ ብረቱ ብቻ የጥንቱ ነው። ከአልጋቸው ራስጌ ደግሞ ሲንቄያቸው አለ፤ ያገባች የአርሲ ሴት የምትይዘው ቀጭን በትር። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ወንዶች መካከል ከቆሙ ጠቡ መቆም አለበት፤ ያን መስመር ማለፍ ነውር ነው።

የስናድሩን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። ባለቤቴ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ ሁሉንም ነገራቸው፤ የአጎቴን ወረቀት፣ ዓድዋ አለመሆኑን፣ ገዢውን፣ 150 ሺውን። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት። መጀመሪያ የጠየቁት «150 ሺህ ስንት ላም ይገዛል?» የሚል ነበር። አሰላን። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ተነፈስኩ።

ከዚያ ግን ስልኩን ሳይመልሱ ቀጠሉ። ስለ አያታቸው ወንድም ተናገሩ፤ ፈረሱ ብቻውን ስለተመለሰው። እናታቸው ሲተርኩላቸው «ከዚያ ማዶ ድምፁ ይሰማና ሰውየው ይወድቃል» ይሉ እንደነበር። ልጅ ሳሉ ያ ነገር ምን እንደሚመስል ያስቡ ነበር፤ ትልቅ ይመስላቸው ነበር። «ይቺው ናት?» አሉ። ባለቤቴ ሲተረጉም ድምፁ ትንሽ ሻከረ።

«ሰውየው ገዝቶ ከወሰዳት፣ ዓድዋ የዘመተች ናት ካላችሁም፣» አሉ አኮ፣ «እኔ ይህን ለልጆቻችሁ ስነግር ማን ያምነኛል?»

መልስ አልጠበቁም። ልጄን ጠርተው ጩኮ ጨመሩለት።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጠመንጃው የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ብንሸጠው የእኛ ኪሳራ፣ ብናስቀምጠው የእኛ ኩራት። ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ዴራ ቁልቁለት ላይ መኪናውን አስቁሜ ለአጎቴ ደወልኩ። ወረቀቱን እንደማልጽፍ ነገርኳቸው። ተቆጡ። ጣሪያውን አንሥተው፣ ዝናቡን አንሥተው፣ «ትምህርት ይህን አስተማረሽ?» ብለው ዘጉት። ማክሰኞ መልሰው ደወሉ። ስለ ጠመንጃው አላነሡም፤ የቆርቆሮ ዋጋ ስንት እንደገባ ጠየቁኝ።

አሁን ያለንበት ይህ ነው። ለጣሪያው እኛ የአጎትና የአክስት ልጆች ተዋጥተናል፤ ግማሹ ተልኳል፣ ግማሹ ለገና። ስናድሩ ግድግዳው ላይ ነው። የፈቃዱ ነገር እንዳለ ሆኖ አጎቴ በቅርስነት እንዲመዘገብ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ አስገብተዋል፤ በ1992 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስ እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። እቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ማኅተሙንና ዓመተ ምሕረቱን ፎቶ አንሡ፤ በዕድሜ የገፋውን ዘመድ አስቀምጡና አስወሩት። እኛ ትንሽ ዘግይተናል። አያቴን መጠየቅ የምፈልገው ብዙ ነበር።

ከማመልከቻው ጋር አጭር መግለጫ ያስፈልግ ነበርና እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሥራዬ ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝም እሱ ነው። ለአጎቴ በስልክ አነበብኩላቸው፦ «ስናድር። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1861 በአፍ የሚጎርስ ሆኖ ተሠርቶ፣ በኋላ በኋላው እንዲጎርስ የተለወጠ። በ1870ዎቹ ከራስ ዳርጌ ጦር ጋር ወደ አርሲ የመጣ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የተቋረጠ መስሎኝ «ጋሼ?» አልኩ።

«‹የመጣ› አይባልም» አሉ። «የሚመጣ እንግዳ ነው። ‹አርሲ ላይ የዘመተ› በይው።»

አስተካከልኩት። ከዚያ ስለ ሚስማር ዋጋ ማውራት ጀመሩ።